በዕድሜ የገፉ አሽከርካሪዎች አደጋን ቀድመው ማስተዋላቸውን መገምገም፦ ደረጃ በደረጃ መመሪያ

የሰባ አምስት ዓመት አዛውንት «አሁንም መንዳት ይችላሉ ወይ?» የሚል ጥያቄ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያየው ሁለት ነገር ነው፦ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ፊደል ማንበባቸውንና ፍሬን ፈጥነው መርገጣቸውን። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ይሁን እንጂ ብዙ ግጭት የሚወሰነው እግር ፍሬኑ ላይ ከማረፉ በፊት ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከቆመ አውቶቡስ ሥር የእግረኛ እግር አይቶ ነዳጅ የለቀቀ ሰው፣ እግረኛው አስፋልቱ ላይ ከወጣ በኋላ ካየው ሰው በሁለት ሰከንድ ቢቀድም 33 ሜትር አተረፈ ማለት ነው። የቱንም ያህል ፈጣን እግር ይህን ርቀት አያመጣም። እዚህ የምንገመግመው ይህንን ቀድሞ ማስተዋል ነው።

መመሪያው ለመንዳት አሠልጣኞች፣ ለጤና ባለሙያዎችና የወላጆቻቸው መንዳት ላሳሰባቸው ልጆች የሚሆን ነው። መንጃ ፈቃድ የሚሰጠውም የሚነጥቀውም የሚመለከተው አካል ነው፤ ከዚህ ግምገማ የሚገኘው ከስሜት የተሻለ፣ በወረቀት የሰፈረ ማስረጃ ነው።

በመጀመሪያ፦ ዕድሜ ምኑን ይለውጣል?

ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ብሌን ይጠባል፣ የዓይን ሌንስም ይደበዝዛል። በዚህ የተነሣ ወደ ስድሳ ዓመት ሰው ዓይን የሚገባው ብርሃን ወደ ሃያ ዓመት ወጣት ዓይን ከሚገባው አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። አመሻሽ ላይ ግራጫ የለበሰ እግረኛ ግራጫ አጥር ሥር ሲቆም የሚጠፋባቸው ለዚህ ነው። አንገት እንደ ድሮው አይዞርም። መሐል ላይ እያዩ በጠርዝ የሚንቀሳቀሰውን ማስተዋልም ይቀንሳል። በሌላ በኩል የዓመታት ልምድ አለ። ጎበዝ አዛውንት አሽከርካሪ የሚያመልጠውን እያወቀ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ርቀቱን ያሰፋል፣ ማታ አይነዳም።

የአደጋው ዓይነትም ይለያል። ወጣት ጀማሪዎችን በብዛት የሚጥላቸው ፍጥነትና መኪናውን መቆጣጠር አለመቻል ነው። አረጋውያንን የሚፈትነው ግን መስቀለኛ መንገድ ነው፤ በተለይ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ረድፍ አቋርጦ መታጠፍና ቅድሚያ መስጠት። ስለዚህ ለጀማሪዎች የተዘጋጀ ፈተና እንዳለ ተወስዶ ቢሰጣቸው ድክመታቸው ያለበትን ቦታ ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል።

በአውስትራሊያ ተመራማሪው ማርክ ሆርስዊልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ዕድሜያቸው ከ65 እስከ 84 በሆኑ አሽከርካሪዎች ላይ ያወጡት ጥናት አንድ ነገር ግልጽ አድርጓል። ዕድሜ በጨመረ ቁጥር አደጋን የመለየት ጊዜ ይረዝማል፤ ይህን መዘግየት ግን ደብዛዛ ነገርን ከጀርባው የመለየት ችሎታና በአንድ እይታ የሚያዘው የትኩረት ስፋት ሊያስረዱት ችለዋል። የልደት ቀን ብቻውን ብዙ አይነግረንም፤ መለካት ያለበት ችሎታው ራሱ ነው።

ደረጃ 1፦ ገምጋሚውንና ቀኑን መምረጥ

ቁልፉን ለመቀበል አስቀድሞ የወሰነ ልጅ ገምጋሚ አይሁን። የአባቱን አንዲት ስሕተት አሥር አድርጎ ያያታል፤ አባትየውም ይህን ስለሚያውቁ ለክርክር እንጂ ለመንዳት አይቀመጡም። ከተቻለ ከአረጋውያን ጋር የመሥራት ልምድ ያለው አሠልጣኝ ፈልጉ። የቤተሰብ ድርሻ ታሪኩን መንገር ነው፦ በቅርቡ መኪናው የት ተጫረ፣ የሚያውቁት መንገድ ጠፍቶባቸው ያውቃል ወይ፣ ሌሎች አሽከርካሪዎች ጡሩምባ ያበዙባቸዋል ወይ።

የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ መዝግቡ። ቤንዞዲያዜፒን የሚባሉት የእንቅልፍና የጭንቀት መድኃኒቶች፣ ለአለርጂና ለጉንፋን የሚሰጡ የቆዩ ፀረ ሂስታሚኖች፣ ኦፒዮይድ ያለባቸው የሕመም ማስታገሻዎች ንቃትን ይቀንሳሉ። በራሳችሁ አታስቁሟቸው፤ ዝርዝሩን ለሐኪም አሳዩ። በቅርቡ የተጀመረ ወይም መጠኑ የተለወጠ መድኃኒት ካለ ግምገማውን አቆዩት።

ቀኑ ሲደርስ ሲነዱ የሚያደርጉትን መነጽር ይዘው ይምጡ። ዘወትር በሚነዱበት ሰዓት ይሁን፤ እንቅልፍ ባልተኛ ሰው ላይ የሚገኝ ውጤት ዋጋ የለውም።

ከሁሉም በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቋቸው፦ «ከእኩዮችዎ ጋር ሲነጻጸሩ አደጋን ቀድመው በማየት ለራስዎ ከ10 ስንት ይሰጣሉ?» መልሱን ጽፋችሁ ያለ አስተያየት አስቀምጡት። በመጨረሻ እንፈልገዋለን።

ደረጃ 2፦ ዓይን፣ አንገትና ትኩረት

ይህ ማጣሪያ ብቻ ስለሆነ አታስረዝሙት። የብዙ አገሮች የመንጃ ፈቃድ መስፈርት 6/12 እይታ ነው፤ ማለትም ጤናማ ዓይን ከ12 ሜትር የሚያነበውን ከ6 ሜትር ማንበብ። ጥርት ያለ ጥቁር ፊደል ማንበብ ብቻውን ግን አያሳምናችሁ። ፊደላቱ እኩል መጠን ያላቸው ሆነው ቀለማቸው እየደበዘዘ የሚሄድበት የፔሊ ሮብሰን ሰንጠረዥ ያለው የዓይን ክሊኒክ ካለ እሱን አሠሩ፤ ለመንገድ ከዋናው ሰንጠረዥ ይልቅ እሱ ይቀርባል። የእይታ ስፋትም በዚያው ይለካ፤ ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ የእይታን ጠርዝ ቀስ በቀስ ሲበላ ባለቤቱ ላያውቀው ይችላልና። የዓይን ሞራ ከተገኘ ግምገማውን አቁሙና ወደ ሕክምናው ላኳቸው። በቀዶ ሕክምና የሚስተካከል ነገር እያለ ሰውን «አያስተውልም» ብሎ መመዝገብ ግፍ ነው።

ለአንገት፣ ቀበቶ ታጥቀው እንደተቀመጡ ከኋላቸው በትከሻቸው አቅጣጫ ቆማችሁ ጣቶቻችሁን አሳዩና እንዲቆጥሩ ጠይቁ፤ በሁለቱም ጎን። ለትኩረት፣ ቁጥርና ፊደል እያፈራረቁ በመስመር የማገናኘት ፈተና አለ፤ ትሬይል ሜኪንግ ክፍል ለ ይባላል። ከ180 ሰከንድ በላይ መፍጀት ተጨማሪ ምርመራ እንደሚያስፈልግ ምልክት ነው። የፊደሉን ተራ በቃሉ የማይዝ ሰው ላይ ግን አትጠቀሙበት፤ የምትለኩት ትምህርት እንጂ ትኩረት አይሆንም።

ደረጃ 3፦ ቪዲዮዎቹን ማዘጋጀት

ዋናው ሥራ የሚጀምረው እዚህ ነው። በቪዲዮ አደጋን የማስተዋል ፈተና በስፋት የታወቀው ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2002 በመንጃ ፈቃድ ፈተናዋ ውስጥ ካስገባችው በኋላ ነው። የመኪና ተፈታኝ 14 አጫጭር ቪዲዮዎች ያያል፣ በውስጣቸው 15 እየተፈጠሩ ያሉ አደጋዎች አሉ፤ አደጋው ሲጀምር የማውሱን አዝራር የተጫነ 5 ነጥብ ያገኛል፣ በዘገየ ቁጥር ነጥቡ እየቀነሰ ዜሮ ይደርሳል። ከ75 ነጥብ ማለፊያው 44 ነው።

ይህን አሠራር ለአረጋውያን እንዳለ መውሰድ ሁለት ችግር አለው። አንደኛው፣ ኮምፒዩተር ያልለመደ እጅ ማውሱ ላይ ይዘገያል፤ ዓይኑ ቀድሞ አይቶ እጁ ዘግይቶ ሊጥለው ይችላል። ሁለተኛው ረቂቅ ነው። ሃምሳ ዓመት የነዳ ሰው ሕፃን ጠርዝ ላይ ሲቆም አይቶ በልቡ ተዘጋጅቶ «ይህ አደጋ አይባልም» ብሎ ሳይጫን ሊያልፍ ይችላል። አየ፤ ግን የአደጋ መስፈርቱ ከፈተናው ከፍ ያለ ነው። አዝራሩ ይህን ካላየ ሰው አይለይም። ስለዚህ እኔ ቪዲዮውን አቁሞ መጠየቅን እመርጣለሁ፤ ጊዜ ቢፈጅም ተፈታኙ ምን እንዳየና ለምን እንዳሳሰበው ያሳያል።

ቪዲዮዎቹ በአሽከርካሪው ዓይን በኩል የተቀረጹ ይሁኑ። ጥሩ ዳሽካም (መኪናው ውስጥ ፊት ለፊት የሚገጠም ካሜራ) ይበቃል። እያንዳንዳቸው ከ20 እስከ 60 ሰከንድ ቢሆኑ፣ በጠቅላላው 15 ወይም 20 ቢዘጋጁ ጥሩ ነው። ስትመርጡ ሦስት ዓይነት አደጋ ለዩ፦

የሚታይ ምንጭ ያለው። በእግረኛ መንገድ ላይ ወደ ስልኩ አቀርቅሮ ወደ ዜብራው የሚሄድ ሰው፣ ፍሬቻ ሳያሳይ ጎማውን ያዞረ የቆመ መኪና። ምልክቱ ራሱ አደጋ ይሆናል።

የተሸፈነ። የቆመ አውቶቡስ፣ ጠርዝ የሚጋርድ አጥር፣ ከኮረብታ ጀርባ የሚጠፋ መንገድ። እዚህ የሚታይ ሰው የለም፤ አሽከርካሪው «ከዚህ ጀርባ ማን ሊኖር ይችላል?» ማለት አለበት።

የተደራረበ። ወደ መስቀለኛው ስንደርስ ከፊት መኪና ይመጣል፣ በጎን ብስክሌት አለ፣ እግረኛም ሊሻገር ነው። ለአረጋውያን ከግማሽ በላዩ ከዚህ ዓይነት ይሁን፤ ትኩረት ተከፋፍሎ የሚያልቅበት እዚህ ነውና።

ሦስት አራት ቪዲዮ ምንም አደጋ የሌለበት ይሁን። ይህ ከሌለ ሁሉንም ነገር «አደጋ» የሚል ሰው በሐሰት ጎበዝ ሆኖ ይታያል። ጥቂቱን ደግሞ በዝናብ ወይም በምሽት ቅረጹ፤ ሆኖም ቪዲዮው ራሱ ከመደብዘዙ የተነሣ ማንም የማያይበት ከሆነ ጣሉት።

ከዚያ ቪዲዮዎቹን ለሦስት ወይም ለአራት በመካከለኛ ዕድሜ ላይ ላሉ፣ ብዙ ዓመት ያለ አደጋ ለነዱ ሰዎች አሳዩ። ከእነርሱ አብዛኞቹ ያላዩት «አደጋ» የእናንተ ግምት ብቻ ስለሆነ ይውጣ። የእነርሱ መልስ መለኪያችሁ ይሆናል። አረጋውያንን ከጀማሪ ወጣት ጋር ማነጻጸር ምንም አይነግራችሁም፤ ጀማሪዎችም በዚህ ችሎታ ደካሞች ናቸው።

ደረጃ 4፦ አቁሞ መጠየቅ

ትልቅ ስክሪን ተጠቀሙ፤ በስልክ አትሞክሩት። ሁለት የመለማመጃ ቪዲዮ አሳዩና አካሄዱ እንደገባቸው እስክታረጋግጡ አትቀጥሉ። ቪዲዮው የሚቆመው ምልክቱ ታይቶ አደጋው ገና ሳይከሰት ነው። ሲቆም ስክሪኑ ጥቁር ይሁን። ሥዕሉ ስክሪኑ ላይ እንደቆመ ከቀረ ተፈታኙ ቁጭ ብሎ በርጋታ ይፈልገዋል፤ መንገድ ደግሞ ያን ያህል አይጠብቅም።

ስክሪኑ እንደጠቆረ አራት ጥያቄ፣ በዚሁ ቅደም ተከተል፦

1. «ያሳሰበዎት ነገር የት ነበር?»
2. «ምን ነበር?»
3. «ቀጥሎ ምን ሊፈጠር ይችላል?»
4. «እርስዎ ቢሆኑ አሁን ምን ያደርጋሉ?»

ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ለእያንዳንዱ ትክክለኛ መልስ አንድ ነጥብ ስጡ። አራተኛውን ነጥብ ሳትሰጡ በቃላቸው እንዳለ ጻፉት።

ምሳሌ እንይ። ቪዲዮው ላይ አውቶቡስ ቆሟል፤ ከሥሩ የሁለት እግር ጥላ ወደ ፊት ሲሄድ ለአንድ ሰከንድ ያህል ይታያል፤ ከዚያ ይጠቁራል። አንድ ተፈታኝ «ከአውቶቡሱ ፊት የሆነ ሰው ብቅ ሊል ነው፣ እግሩን አይቻለሁ፣ ነዳጅ ለቅቄ ወደ መሐል ጠጋ እላለሁ» ቢሉ ሦስቱን ነጥብ አገኙ። ሌላው «አውቶቡስ ቆሟል፣ ሊነሣ ይችላል» ቢሉ ቦታውን አግኝተዋል፣ ትንበያቸውም የማይሆን አይደለም፤ እግሮቹ ግን አምልጠዋቸዋል። አንድ ነጥብ ስጡና «እግሩን አላዩም» ብላችሁ መዝግቡ። ሦስተኛው «መንገዱ ነጻ ነው» ቢሉ ዜሮ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ ይህ ማስታወሻ ነው በኋላ ለሥልጠና የሚጠቅማችሁ።

መሪ ጥያቄ አትጨምሩ። «አውቶቡሱን አዩት?» ካላችሁ መልሱን ሰጣችሁ። ፊታችሁንም ጠብቁ፤ አዛውንት የሰው ፊት ያነባሉ፣ የተቆጣ ገምጋሚ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ደግሞ ሁሉንም አደጋ ማለት ይጀምራል። ግማሽ ላይ እረፍት ስጡ። ባዶ በሆኑት ቪዲዮዎች ላይ ስንት ጊዜ አደጋ እንደጠሩ ለብቻው ይቆጠር።

ደረጃ 5፦ መንገድ ላይ

ቪዲዮ አንገት አያዞርም፣ መሪም አያስይዝም። ስለዚህ የቪዲዮው ውጤት ጥሩም ይሁን መጥፎ መንገድ ላይ ይታይ፤ ውጤቱ እጅግ የወረደ ከሆነ ግን ወደ መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት ሐኪም ይያቸው።

ለአሠልጣኙ የራሱ ፍሬን ያለው የማሠልጠኛ መኪና ያስፈልጋል። አሠልጣኙ ፊት ተቀምጦ ደኅንነቱን ይጠብቃል፣ የሚመዘግበው ሰው ከኋላ ይሆናል። አንድ ሰው ሁለቱንም ልሥራ ካለ አንዱ መበደሉ አይቀርም። ከ40 እስከ 45 ደቂቃ የሚወስድ መንገድ አስቀድማችሁ ንዱና ወስኑ። በጸጥታ ሰፈር ይጀምር፤ ከዚያ ያለ ቀስት መብራት የፊት ረድፍ ተቋርጦ የሚታጠፍባቸው ቢያንስ ሦስት ቦታዎች፣ አደባባይ፣ ዜብራ፣ በቆሙ መኪናዎች የጠበበ መንገድ፣ ወደ ፈጣን መንገድ መቀላቀያ ይኑሩበት። የተወሰነው ክፍል የማያውቁት መንገድ ይሁን። ዘወትር በሚነዱበት ሰፈር ሲነዱ የምታዩት ልማዳቸውን ነው።

መዝጋቢው የሚጽፈው አራት ነገር ነው። እግራቸው ከነዳጅ የተነሣው የት ነው፤ ምክንያቱም ቀድሞ ማስተዋል ከፍሬን በፊት በነዳጅ እግር ይታወቃል። ስፖኪዮ የሚያዩት ፍጥነት ከመቀነሳቸው በፊት ነው ወይስ በኋላ። ረድፍ ሲቀይሩ ስፖኪዮው የማያሳየውን ጎን ዞረው አይተዋል ወይ። በመስቀለኛ መንገድ ደግሞ ሁለተኛ እይታ አለ ወይ። የመጨረሻውን አጥብቃችሁ ያዙት። ብዙ አረጋውያን ከመግባታቸው በፊት ግራ ቀኝ ያያሉ፤ መታጠፍ ከጀመሩ በኋላ ግን ዓይናቸው በሚሄዱበት አቅጣጫ ይተከልና ሲቆሙ ያልነበረው ሞተር ሳይክል ያመልጣቸዋል። ተመራማሪዎቹ ሮሞሰርና ፊሸር እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ ባሳተሙት ጥናት፣ የራሳቸውን ስሕተት አይተው በተግባር የሠለጠኑ አረጋውያን ሲታጠፉ አደጋ ፍለጋ የማየት ዕድላቸው ወደ እጥፍ አድጓል። ይህ ድክመት ከሚታረሙት ውስጥ መሆኑን ልብ በሉ።

ከጉዞው አሥር ደቂቃ ያህሉን እያወሩ እንዲነዱ ጠይቋቸው፤ የሚያዩትንና የሚያስቡትን ጮክ ብለው፦ «በግራ ልጅ አለ፣ ኳስ ይዟል፣ ነዳጅ ለቀቅኩ።» ቆሞ ባለ መኪና ውስጥ አስቀድመው ይለማመዱት። ማውራት በራሱ ጫና ስለሆነ፣ በተጨናነቀ መገናኛ ላይ ዝም ያለ ሰው የግድ አላየም ማለት አይደለም፤ ምናልባት ብልህነት ነው። ካለፉ በኋላ ቆማችሁ ምን እንዳዩ ጠይቁ። ወሬው መንዳታቸውን ካበላሸ አስቁሙት።

አሠልጣኙ ፍሬን ከረገጠ ወይም መሪ ከያዘ ቦታውና ምክንያቱ ወዲያው ይጻፍ። ያላዩት አደጋ ስለነበረ የተደረገ አንድ ጣልቃ ገብነት ከቪዲዮው ነጥብ ሁሉ ይበልጣል። ከተደገመ ጉዞው እዚያው ያብቃና አሠልጣኙ ይመልሳቸው።

ደረጃ 6፦ ውጤቱን ማንበብ

ድምሩን ከማየታችሁ በፊት ያመለጧቸውን ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጡ። ያመለጡት በአንድ ጎን ከተሰበሰቡ ጉዳዩ የእይታ ስፋት ሊሆን ስለሚችል ወደ ዓይን ሐኪም ይሂዱ፤ በድንገት የመጣ ከሆነ ስትሮክም ስለሚጠረጠር ነገ አትበሉ። በምሽትና በዝናብ ብቻ ከወደቁ ደብዛዛ የመለየት ችግር ነው፤ በቀን ብቻ መንዳት ብዙ ያቃልላል። ነጠላ አደጋ ሁሉ ታይቶ የተደራረቡት ላይ ብቻ ከፈረሱ ትኩረት የመከፋፈል ጉዳይ ነው። ምልክቱን አይተው «ቀጥሎ ምን?» ላይ ባዶ ከሆኑ ሥልጠና ይጠቅማል። አይተው፣ ተንብየው፣ መንገድ ላይ ግን ምንም ካላደረጉ ደግሞ ጉዳዩ ከማስተዋል ወጥቶ ወደ ውሳኔ ወይም ወደ አካል ገብቷል።

አሁን በደረጃ 1 የጻፋችሁትን ቁጥር አውጡ። አረጋውያን በዚህ ችሎታቸው ላይ የሚሰጡት ግምት ከተለካው ጋር ብዙ ጊዜ አይገጥምም፤ ስለዚህ «ራሳቸው ያውቁታል» የሚለው አያዋጣም። በእኔ እምነት መጠነኛ ድክመት ኖሮባቸው ለራሳቸው 4 የሰጡ ሰው፣ ተመሳሳይ ድክመት ኖሮባቸው 9 ከሰጡት ያነሰ ያሳስባሉ። የመጀመሪያው ሰው ተጠንቅቀው ይነዳሉ።

በቤት የተሠራ የቪዲዮ ፈተና ማለፊያ ነጥብ የለውም፤ አትፍጠሩለት። የመለኪያ ሰዎቻችሁ ካገኙት ምን ያህል እንደራቀና የትኛው ላይ እንደራቀ ብቻ ጻፉ።

ደረጃ 7፦ መንገርና ማሠልጠን

ለባለቤቱ በመጀመሪያ ንገሯቸው፣ ለልጆቻቸው ከዚያ በኋላ። «ዕድሜዎ ገፍቷል» አትበሉ፤ ከመንገዱ የተቀረጸ ቪዲዮ ካለ ያንን ቦታ አብራችሁ እዩት። የገዛ ዓይናቸው ያሳያቸውን አይክዱም።

ለሥልጠናው፣ ያመለጧቸውን ዓይነት አደጋዎች የያዙ ሌሎች ቪዲዮዎች ከጎበዝ አሽከርካሪ የድምፅ ማብራሪያ ጋር አሳዩአቸው፤ ከዚያ ያለ ማብራሪያ ራሳቸው እንዲተርኩ አድርጉ። በመስቀለኛ መንገድ ሁለተኛዋን እይታ በቆመ መኪና፣ ቀጥሎም በጸጥተኛ መገናኛ አለማምዱ። መንገድ መምረጥም መፍትሔ ነው፦ ሦስት ጊዜ ወደ ቀላሉ አቅጣጫ ታጥፎ አስቸጋሪውን መታጠፊያ መዝለል ይቻላል።

ጃፓን ዕድሜያቸው 75 እና ከዚያ በላይ የሆኑት መንጃ ፈቃድ ሲያድሱ የአእምሮ ብቃት ምርመራ እንዲያደርጉ ታዛለች፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮም የተወሰኑ የትራፊክ ጥፋቶች ያሉባቸው የመንዳት ፈተና ጨምረው እንዲወስዱ አድርጋለች። በቤተሰብ ደረጃ በየዓመቱ መድገም፣ ከስትሮክ፣ ከራስ ጉዳት ወይም ከአዲስ መድኃኒት በኋላ ደግሞ ጊዜውን ሳይጠብቁ መድገም በቂ ነው። ስትደግሙ ቪዲዮዎቹን ለውጡ፤ ያው አውቶቡስ ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ የሚመልሰው ማስታወስ ነው። አዲሶቹንም እንደ በፊቱ ለመለኪያ ሰዎቻችሁ አሳይታችሁ አጣሩ፤ የድሮውን ማስታወሻ ግን ከመልሶቹ ጋር አቆዩት፣ ያመለጠው ያው ዓይነት መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ከእሱ ጋር ሲተያይ ነው።